የጠየመ ገንዘብ፤ ይወልወል ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

በአማርኛ ብር የሚለው ቃል የማዕድኑም የገንዘቡም ስም ነው። ነጭነትና ብሩህነትም ከዚሁ ስም ጋራ ተያይዞ ስለሚታሰብ፣ የጠቆረ ብር ያየ ሰው ሁሉ እንደ ተበላሸ ነገር ይቆጥረዋል። ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ብር ከሣጥን ያወጣ ሰው፣ ወይም በአክሱም አካባቢ ከእርሻ ላይ የተለቀመ ጥንታዊ ሳንቲም ያገኘ ሰብሳቢ፣ አስቀድሞ የሚያስበው መፈግፈግን ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከሱቅ የሚገዛ መወልወያ፣ ያገኘውን ሁሉ ያቀርባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥቁረቱ ይለቅና ገንዘቡ ያበራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ደቂቃ ከጥቁረቱ ጋራ አብሮ የሄደው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

የጥንት ገንዘብ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ይህ ጉዳይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያከራክራል። አንዳንዶቹ ገንዘብ በተመታበት ቀን የነበረውን መልክ ሊያሳይ ይገባል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዘመን የሰጠውን መልክ መግፈፍ ታሪኩን መግፈፍ ነው ይላሉ። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ግን፣ መልሱ የሚገኘው ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ በማየት ነው፤ በገንዘቡ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው? የሚያጸዳውስ ማን ነው? ከጸዳ በኋላ ሊመለስ የማይችለው ምንድን ነው?

የጥይመት ምክንያት

ብር ንጹሕ አየር ብቻ ቢነካው በቀላሉ አይጠቁርም። የሚያጠቁረው ድኝ ነው። በእንጨትና በከሰል ጢስ፣ በሱፍ፣ በጎማ፣ በእንቁላል፣ በአንዳንድ ወረቀትና ካርቶን ውስጥ ድኝ አለ፤ ከእነዚህም የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ከእርጥበት ጋራ ሆኖ ብሩን ሲያገኘው፣ የብሩ የላይኛው ገጽ ራሱ ተለውጦ የብር ሰልፋይድ ይሆናል። ይህ ልባስ በመጀመሪያ እጅግ ስስ ስለሆነ ብርሃን በላዩና በሥሩ ተንጸባርቆ ሲገናኝ ቀለም ያወጣል፤ ዘይት በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ እንደሚያሳየው ያለ ቀለም ነው። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ወርቅማ ብጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ግራጫና ጥቁር እየሆነ ይሄዳል። እነዚህን ቀለሞች የሚሰጠው ልባስ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እጅ እምብዛም የሚበልጥ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ጥይመት ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ እድፍ ሳይሆን የገንዘቡ የራሱ አካል መሆኑ ነው። በላዩ ላይ ያለው ብር ከገንዘቡ የተገኘ እንጂ ከሌላ ስፍራ የመጣ ስላልሆነ፣ ጥይመቱን ያነሣ ሰው ከገንዘቡ ላይ ብር ያነሣል። ሁለተኛው፣ ልባሱ እየወፈረ በሄደ መጠን ድኙ ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት ፍጥነት ይቀንሳል። በደረቅና በንጹሕ ስፍራ የተቀመጠ የጠየመ ብር ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ይኖራል። አዲስ የተወለወለ ብር ግን ቆዳው እንደ ተገፈፈ ሰው ነው፤ ለሚቀጥለው ድኝ ራቁቱን ይቀርባል። በየዓመቱ የሚወለወል ገንዘብም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ይሄዳል።

ማጽጃዎቹና ሥራቸው

ልማዳዊም ዘመናዊም የሆኑት ማጽጃዎች ሁሉ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው መፈግፈግ ነው። አመድ፣ አሸዋና የጥርስ ሳሙና ከብር የሚጠነክሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሏቸው። ገንዘቡን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው በአንድ ወገን የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶችን ያገኛል፤ ከፍ ብለው የተቀረጹት ፊደሎችና የጠጉር ጕንጕኖችም ይፈዛሉ።

ሁለተኛው አሲድ ነው። ሎሚ የሚያጸዳው በአሲዱ ነው። ጠገራ ብር ንጹሕ ብር አይደለም፤ ከሺህ እጅ 833 ያህሉ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው፤ ክብደቱም 28 ግራም ያህል ነው። አሲዱ በተለይ መዳቡን ስለሚያጠቃ ገጹ እንደ ኖራ የነጣ፣ ሕይወት የሌለው መልክ ይዞ ይቀራል። በሱቅ የሚሸጡት ፈጣን ማጥለቂያዎች ደግሞ የብር ሰልፋይዱን ያሟሙታል። ገንዘቡ በተመታ ጊዜ ማዕድኑ ወደ ዳር ሲፈስ የተፈጠሩትና ብርሃንን የሚያሽከረክሩት እጅግ ስስ መሥመሮች አብረው ይሟሟሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተጠለቀ ገንዘብ ነጭ ቢሆንም አያበራም።

ሦስተኛው በአልሙኒየም ቅጠል፣ በሶዳና በሙቅ ውኃ የሚደረገው ነው። ይህ ዘዴ ሰልፋይዱን ወደ ብር ስለሚመልሰው ጉዳት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን የተመለሰው ብር እንደ ቀድሞው የተያያዘና ለስላሳ ገጽ ሳይሆን ልል ቅንጣት ስለሚሆን መልኩ ይደበዝዛል። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱም ገንዘቡን ወደ ተመታበት ቀን አይመልሰውም። የሚሰጡት ሦስተኛ መልክ ነው፤ የአዲስነትም የአሮጌነትም ያልሆነ።

ጠገራ ብር የሚናገረው

የገንዘብ ገጽ እንደ ብራና መጽሐፍ የሚነበብ መሆኑን ለመረዳት ጠገራ ብርን ማየት ይበቃል። የኦስትርያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 በኤውሮጳ አቆጣጠር ካረፈች በኋላ፣ ይህ ብር ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖረ፤ የቪዬና የገንዘብ ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ ይመታዋል። በተለያየ ጊዜም በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ በፕራግ፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብሩክሰልና በቦምባይ ተመትቷል። በሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ብር የትና መቼ እንደ ተመታ የሚታወቀው በጥቃቅን ምልክቶች ብቻ ነው፤ በንስሩ የጅራት ላባ ቍጥር፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ቅርጽ፣ በዕንቁዎቹ አቀማመጥ፣ በዳሩ ላይ በዞረው ጽሑፍ አጣጣል። ኢጣልያ በ1935 በኤውሮጳ አቆጣጠር ኢትዮጵያን ለመውረር ስትነሣ የብሩን መምቻ ከኦስትርያ ተቀብላ በሮማ ማስመታቷ ይታወቃል። ስለዚህ በአንድ መንደር የተገኘ ጠገራ ብር ከወረራው በፊት በንግድ የገባ ይሁን ወይስ በወረራው ዘመን የመጣ ሊነግር የሚችለው በእነዚህ ምልክቶች ነው። በአመድ የተፈገፈገ ብር ግን በቅድሚያ የሚያጣው እነዚሁኑ ነው።

የባሕል ተመራማሪ ደግሞ ከመምቻው ምልክት አልፎ የሚያነበው ሌላ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ጠገራ ብር መገበያያ ብቻ አልነበረም። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል፣ አምባርና የአንገት ጌጥ ሠርቶበታል፤ ሴቶችም ሳይቀልጥ በስተው ወይም ማንጠልጠያ አስበይደው በአንገታቸው አድርገውታል። በገበያም በኩል፣ የንግሥቲቱ ዕንቁዎችና የትከሻዋ ጌጥ ፈዘው እንደ ሆነ ብሩን አልቀበልም የሚል ሻጭ ብዙ ነበር። እያንዳንዱ አገልግሎት በገጹ ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። በከረጢት ሲጓዝ የኖረ ብር በሁለቱም ወገን በእኩል ይፈዛል። በአንገት የኖረ ግን ልብስና ደረት የነካው ወገኑ ይለሰልሳል፤ ሌላው ወገን ይጠይማል፤ ቀዳዳውም ክሩ በሳበው በኩል ወደ ላይ ይረዝማል። በቀዳዳው ውስጥ የቀረ የክር ጭራ፣ በፊደሎቹ መካከል የደረቀ ቅቤ፣ በማንጠልጠያው ሥር ያለ የብየዳ ጥቁረት፣ ሁሉም ብሩ ማን ዘንድና እንዴት እንደ ኖረ ይመሰክራሉ። ሰብሳቢው እድፍ ብሎ የሚያጥበው ይህን ምስክር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ባለጌጧ ራሷ ለበዓልና ለሠርግ ስትዘጋጅ ብሯን ታጸዳ የለምን? እርሷ ያደረገችውን ሰብሳቢው ቢያደርግ ስለ ምን ይወቀሳል? መልሱ፣ ሁለቱ ማጽዳት በስም እንጂ በግብር አንድ አለመሆናቸው ነው። ባለጌጧ የምታጸዳው በአገልግሎት ላይ ያለ ዕቃ ነው፤ ማጽዳቷም ራሱ የልማዱ ክፍል ስለሆነ በገጹ ላይ የሚተወው መለስለስ የጌጡ ታሪክ ይሆናል። ሰብሳቢው ግን ከአገልግሎት የወጣ ዕቃ ተቀብሎ፣ እርሷና እናቷ የተዉትን ምልክት አጥፍቶ የራሱን ያኖርበታል። ስለዚህ የባለጌጧን መወልወል መከልከል አይገባም፤ የሚገባው ወደ ስብስብ ከገባ በኋላ የሚደረገውን መከልከል ነው።

የአክሱም ገንዘብና ወርቁ

ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በአክሱም ገንዘብ ላይ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አስመትተዋል። ስማቸው በገንዘብ ላይ ከሚገኙት የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። በዒዛና ዘመን የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል መተካቱም ክርስትና በቤተ መንግሥት ለመግባቱ ከገንዘብ የተገኘ ምስክር ነው።

ከእነዚህ የወርቁ ገንዘብ ለዚህ ክርክር አያስቸግርም፤ መልካም ወርቅ አይጠይምም። የሚያስቸግሩት የብሩና የነሐሱ ናቸው፤ ምክንያቱም የአክሱም አንጥረኞች በሌላ አገር ገንዘብ ላይ እምብዛም የማይታይ ሥራ ሠርተውባቸዋል። በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ለብጠዋል። ኡዋዜባስ በተባለው ንጉሥ የነሐስ ገንዘብ ላይ በራሱ ዙሪያ የሚታየው ወርቅ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ገንዘቡ ከመሬት ሲወጣ ይህ ወርቅ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ይገኛል። ዝገቱ ከወርቁ በላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ገብቶ ከነሐሱ አለያይቶት ይሆናል። በሎሚ ወይም በሌላ አሲድ የተዘፈዘፈ እንደ ሆነ በሥሩ ያለው ዝገት ይሟሟና ወርቁ መቆሚያ አጥቶ ይረግፋል። ባለቤቱ ውኃውን ሲደፋ ወርቁን አብሮ ይደፋዋል፤ በእጁ የሚቀረው ተራ የነሐስ ሳንቲም ነው፤ ወርቅ እንደ ነበረበትም ላያውቅ ይችላል።

ወርቅ በሌለው ነሐስ ላይም ቢሆን አደጋው አያንስም። በመሬት ውስጥ ብዙ መቶ ዓመት የተቀመጠ ነሐስ ከላይ ወደ ውስጥ እየተለወጠ ስለሚሄድ፣ በተመታ ጊዜ የነበረው ገጽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀረው ማዕድን ላይ ሳይሆን በዝገቱ ልባስ ውስጥ ነው። የንጉሡ ስምና መልክ ያለው በዚያ አረንጓዴ ልባስ ላይ ነው ማለት ነው። ልባሱን እስከ ማዕድኑ ድረስ የገፈፈ ሰው የሚያገኘው የተቦረቦረና ፊደል የሌለው ክብ ብረት ነው። ይህን ስሕተት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አልሠሩትም። በበርሊን ቤተ መዘክሮች የኬሚ ሥራ ቤት በ1888 በኤውሮጳ አቆጣጠር ሲቋቋም የተሾመው ፍሪድሪክ ራትጌን፣ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ዝገትን በኤሌክትሪክ ኃይል መግፈፍን ካስፋፉት አንዱ ነበረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ልባሱ ራሱ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን የተረዱት ብዙ ዕቃ ከተገፈፈ በኋላ ነው።

ማጽዳት የሚገባበት ጊዜ

እንዲህ ሲባል ግን ምንም ነገር አይነካ ማለት አይደለም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ልባስና ገንዘቡን እየበላ ያለ በሽታ አንድ አይደሉም። ከጨዋማ አፈር የወጣ ነሐስ በውስጡ የክሎሪን ጨው ይዞ ይወጣል። ጨው ካለበት ነሐሱ እርጥበትና አየር ባገኘው ቍጥር እየተበላ ይሄዳል። ምልክቱም በጠንካራው ጥቁር አረንጓዴ ልባስ ላይ የሚታይ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ዱቄት የሚመስል ነጠብጣብ ነው፤ ሲጠረግ ይጠፋና እንደገና ይመለሳል። ይህ የነሐስ በሽታ ይባላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲገኝ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ እርጥበት በሚመጥ ነገር በታሸገ ዕቃ ውስጥ፣ ከመቶ 40 በታች በሆነ የአየር እርጥበት ሊቀመጥና ሙያ ላለው ጠጋኝ ሊሰጥ ይገባል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኤውሮጳ አቆጣጠር ጀምሮ ለዚህ የሚያገለግል ቤንዞትራያዞል የተባለ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ለጤና የሚያሠጋ ስለሆነ በቤት የሚደረግ አይደለም።

ሁለተኛው ማጽዳት የሚገባበት ጊዜ፣ በገጹ ላይ ያለው ነገር ከቅርብ ጊዜ የመጣና የታሪክ ምስክርነት የሌለው ሲሆን ነው። ለስላሳ የፕላስቲክ መያዣ በጊዜ ብዛት የሚያጣብቅ አረንጓዴ ፈሳሽ በገንዘብ ላይ ይተዋል፤ ይህም ቀስ በቀስ ማዕድኑን ያጠቃል። በንጹሕ አሴቶን ያለ መፈግፈግ ቢታጠብ ፈሳሹ ይለቃል፤ አሴቶን ጥይመቱን አይነካውም። እርሱም በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለሆነ ከነበልባል መራቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ አፈር ጽሑፉን ሸፍኖ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ሲሠወር ነው። በዚህ ጊዜ ባለሙያው በአጉሊ መነጽር እያየ፣ በእሾኽ ወይም በተሳለ እንጨት፣ ቅንጣት በቅንጣት አፈሩን ያነሣል፤ ልባሱ ላይ ሲደርስም ያቆማል። በሦስቱም ጊዜ አስቀድሞ ገንዘቡን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መመዘንና የተገኘበትን ስፍራ መጻፍ የማይታለፍ ሥራ ነው።

ስለ ገበያው

ብዙ ሰው የሚያጸዳው የበራ ገንዘብ ይሻላል ብሎ ስለሚያምን ነው። ዛሬ ግን እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። በ1986 እና በ1987 በኤውሮጳ አቆጣጠር በአሜሪካ የተቋቋሙት ሁለቱ ታላላቅ የገንዘብ መርማሪ ድርጅቶች፣ ያለ አግባብ የጸዳን ገንዘብ እንደ ጉድለት ቈጥረው በመግለጫው ላይ ይጽፉበታል፤ ዋጋውም ይወድቃል። መልካም ጥይመት ያለው ብር ከነጩ ይልቅ በውድ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ይህም በበኩሉ ሌላ ተንኰል አስነሥቷል፤ አንዳንዶች ብርን ከድኝ ጋራ አሙቀው በአንድ ቀን ያጠይሙታል። ስለዚህ የጠየመ ሁሉ አሮጌ አይደለም። በዘመን የመጣ ጥይመት ቀስ እያለ ከቀለም ወደ ቀለም ይሻገራል፤ በችኰላ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተቀባ ነገር በገጹ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

ከዋጋ በላይ የሆነው ግን የአገሪቱ ጥቅም ነው። በአክሱም ዙሪያ ዝናም ካጠበው እርሻ ላይ ሳንቲም የሚለቅመው ገበሬ ወይም ልጁ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቍጥር 209/1992፣ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ታዟል። ነገር ግን ገንዘቡ ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመድረሱ በፊት ለገዢ ዓይን እንዲያምር በአሸዋ ከተፈገፈገ፣ ቢመለስም የተመለሰው እኩሌታው ነው። ከአፈሩ ዓይነትና ከዝገቱ መልክ አንድ ላይ የተቀበሩትን ገንዘቦች ለይቶ ማወቅ ይቻል ነበር፤ ከወርቁ የአንጥረኛውን ጥበብ፣ ከፊደሉም የንጉሡን ስም ማንበብ ይቻል ነበር። ስለዚህ ለገበሬውም ለመምህሩም ለካህኑም ሊነገር የሚገባው አጭር ቃል ይህ ነው፤ ያገኛችሁትን አትጠቡት፤ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የተገኘበትን ስፍራ ጽፋችሁ አስረክቡት።

እንግዲህ ሥርዓቱ በአጭሩ እንዲህ ይሆናል። ገንዘቡን የማይበላ ጥይመት እንዳለ ይቀመጥ። ገንዘቡን የሚበላ በሽታ በባለሙያ እጅ ይታከም። የሚያጠራጥር ነገር ሲገጥም ይቈይ፤ ዛሬ ያልጸዳ ገንዘብ ነገ በተሻለ ጥበብ ሊጸዳ ይችላልና፤ ዛሬ የተፈገፈገው ግን ነገ የሚያክመው የለም። አበው ስለ ችኰላ ሲናገሩ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ ከገንዘብ ገጽ የተፈገፈገው ግን ፈስሶ የሚለቀም አይደለም።